ሁለቱ ስምንተኛ ቁራጮች

ሞለኪውሏ ዘለለች። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሰበታ በተከራየኋት ክፍል ቁጭ ብዬ ገጣጥሜ የጨረስኩትን ፊልም ከመጀመሪያው እያየሁ ነበር። መሀሉ ላይ ሲደርስ ዘለለች። ዓይኔ ነው ብዬ ወደ ኋላ መለስኩት። አሁንም ዘለለች። እንደገና መለስኩት፤ ያው ነው።

ፊልም የምለው ሲኒማ ቤት የሚታየውን አይደለም። የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያዬ የተንጠለጠለው በአንዲት ትንሽ ሞለኪውል ላይ ነበር። ሁላችንም ከምናውቀው የጓሮ ቅጠል የወጣች ናት። የአንድ በሽታ አምጪ ተሕዋስ ፕሮቲን ላይ ኪስ የመሰለ ስርጉድ ቦታ አለ፤ እሷ እዚያ ገብታ ከተቀመጠች ተሕዋሱ ሥራው ይታጎላል ብለን ገምተናል። ጥያቄው ይኸው ነው፦ ኪሱ ውስጥ ብናስቀምጣት ትቆያለች ወይስ ትወጣለች? ከቆየች መድኃኒት የመሆን ተስፋ አላት። ከወጣች ቅጠሉን ለሻይ ማፍላት ይሻላል።

ይህን ለማወቅ ኮምፒውተሩ ፕሮቲኑን፣ ሞለኪውሏንና የከበባቸውን ውሃ አንድ ሳጥን ውስጥ ያስገባና እያንዳንዷን አተም ቅጽበት ለምታህል ጊዜ ወደፊት ያንቀሳቅሳታል፤ ደግሞ ትንሽ፤ ደግሞ ትንሽ። በየመሀሉ ፎቶ ያነሳል። ፎቶዎቹ ሲደረደሩ ፊልም ይሆናሉ። ሥራው ሳይቋረጥ ሳምንታት መሄድ አለበት። ሳይቋረጥ የሚለውን ቃል ሰበታ ሆኖ የሚያነብ ሰው እንደሚስቅ አውቃለሁ።

መብራት ሲጠፋ ሥራው ይቆማል። ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ምክንያቱም ቼክፖይንት የሚባል ፋይል አለ። እያንዳንዷ አተም የት እንደነበረችና ወዴት እየሮጠች እንደነበረ አንድ ሳያስቀር የሚያስታውስ ፋይል ነው። ነገር ግን በቀጠለ ቁጥር አዲስ የፊልም ቁራጭ ይጀምራል። ስለዚህ የኔ ፊልም አንድ ፊልም ሳይሆን የቁርጥራጭ ክምር ነበር፤ የቀረኝ ሥራ እነሱን መግጠም ብቻ ነው። ብቻ ስል ያን ጊዜ እውነት መስሎኝ ነበር።

አማካሪዬ ቅዳሜ ሱሉልታ ቤታቸው ድረስ ፊልሙን ይዤ እንድመጣ ነግረውኛል። ቅዳሜ ካዩትና ከተስማሙ ሰኞ አስረክባለሁ። ሰኞ ካላስረከብኩ ጥናቴን በመምህራን ፊት የምከላከልበት ዲፌንስ ወደሚቀጥለው ሴሚስተር ይገፋል፤ ለትምህርት የላከኝ ኮሌጅ ደግሞ ከዚህ ሴሚስተር በላይ የመምህርነት ቦታዬን ይዞ እንደማይጠብቀኝ በግልጽ አሳውቆኛል። እኔ ደግሞ ድሮም ነገር ሳይመጣ ቀድሜ የምጨነቅ ሰው ነኝ፤ ሲመጣማ ምን እንደምሆን አስቡት።

በመጀመሪያ የጠረጠርኩት ሳጥኑን ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሳጥን ግድግዳ የለውም፤ በቀኝ በኩል የወጣ በግራ በኩል ይገባል። ሞለኪውል ጠርዙን ስታቋርጥ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የዘለለች ትመስላለች፤ በሥራችን ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይህ ደርሶበት አንድ ቀን ደንግጦ ያውቃል። መላው ቀላል ነው፤ ፕሮቲኑን መሀል ላይ ታስሮ እንዲቆም ታደርገዋለህ፣ ሌላው ነገር በዙሪያው ይሰበሰባል። አደረግሁት። ከሳጥኑ ጠርዝ ላይ ሲዘሉ የነበሩት የውሃ ሞለኪውሎች ሁሉ አደብ ገዙ። የኔዋ ግን ዘለለች።

ያን ጊዜ ነው ቀስ ብዬ፣ ፎቶ በፎቶ፣ ያየኋት። እንዲህ ነበር የሆነው፦ ለረጅም ጊዜ ኪሷ ውስጥ ተቀምጣ ቆየች። ከዚያ አንድ ጎኗን አነሳች። ተመልሳ ቁጭ አለች። ደግማ ተነሳች፤ ልሂድ ልሂድ እንደሚል እንግዳ ኪሱ አፍ ላይ ትንሽ ቆም ብላ ወጣች። ውሃው ውስጥ ርቃ ሄደች። እና በሚቀጥለው ፎቶ፣ በአንዲት ፎቶ፣ ተመልሳ ኪሷ ውስጥ ቁጭ ብላለች። አወጣጧ ሥርዓት ያለው ነው። አመላለሷ ግን ከተፈጥሮ ሕግ ውጭ ነበር።

ነገር ዓለሙ ዞረብኝ። መመለሷ ሐሰት ከሆነ መውጣቷስ? መውጣቷ እውነት ከሆነ የጻፍኩት ምዕራፍ ሁሉ ገደል ገባ። ቁራጮቹ ቅደም ተከተላቸው ተዛብቶ ይሆናል ብዬ አንድ በአንድ ደረደርኳቸው፤ አልተዛባም። ስገለብጥ ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ መረመርኩ፤ ደህና ነው። ምሳዬን መብላት ረስቼ፣ ከዚያ መርሳቴን አስታውሼ፣ ከዚያ እንደገና ረሳሁት።

በሬ ተንኳኳ። አከራዬ ናቸው፤ አባባ ነው የምላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በጅማ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው አሁን ግቢያቸው ውስጥ አራት ተከራይ ይዘው የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው።

«አካም ኦልቴ፣ ኢንታላ ኮ?» አሉኝ፤ እንዴት ዋልሽ ልጄ ማለታቸው ነው። «ዛሬም ፀሐይ ሳታዪ ሊመሽ ነው?»

«ሥራ ይዞኝ ነው አባባ።»

ስክሪኑን በትከሻዬ ላይ አሻግረው ተመለከቱት። «ይቺ የምትንቀሳቀሰዋ ናት ያቺ?»

«እሷ ናት።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ፊትሽ እንዲህ የጠቆረው? ደህና አይደለች?»

ደህና ናት አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ?

ሐሙስ ጠዋት ነው የገባኝ። ቁራጮቹን ስገጥማቸው አንዱ ካለቀበት ሌላው ይቀጥል ብዬ ለፕሮግራሙ አዝዤው ስለነበር፣ የየራሳቸውን ሰዓት ፍቆ በተርታ አስቀምጧቸዋል። ስለዚህ ወደ መጀመሪያዎቹ፣ ሳይገጠሙ ወደነበሩት ፋይሎች ተመለስኩና አንተ ከየት ትጀምራለህ፣ አንተስ የት ታበቃለህ እያልኩ ጠየቅኳቸው። እስከ ሰባተኛው ድረስ ሁሉም ለጎረቤቱ እያስረከበ ይሄዳል። ስምንተኛ ላይ ስደርስ ግን ስምንተኛ የሚባሉ ሁለት ሆነው አገኘኋቸው። አንደኛው ጅራቱ ላይ ኮምፒውተሩ በቅንፍ «1» ለጥፎበታል። ሁለቱም የሚጀምሩት ከአንዲት ቅጽበት ነው።

የዚህን ታሪክ ለመናገር ወደ ዐቢይ ጾም መመለስ አለብኝ። ያን ሰሞን የሰፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጠለና መቼ እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ወንድሜ ቡራዩ የሠርግ ቪዲዮ ያቀናብራል፤ ለዚያ ብሎ የገዛው ኮምፒውተር ከኔው የተሻለ ጉልበት አለው። በጾም ሠርግ ስለሌለ ኮምፒውተሩም እንደ ባለቤቱ ይጾማል። እኔም የኮምፒውተሬን ዲስክ ፈትቼ ጄኔሬተር ያለው ሱቅ ቼክፖይንቱን በፍላሽ አስገልብጬ፣ ዲስኩን ቦታው መልሼ፣ ታክሲ ቀያይሬ ቡራዩ ገባሁና ሥራውን እሱ ጋ አስቀጠልኩት። ከረምኩበት። ሰበታ ስመለስ የቡራዩውን ቁራጭ ከፍላሹ ስገለብጥ ኮምፒውተሩ በዚህ ስም ሌላ አለ፣ ሁለቱንም ላስቀምጥ ወይ ብሎ ጠይቆኝ እንደነበር አሁን ትዝ አለኝ። ደክሞኝ ነበር። አስቀምጥ አልኩት፤ ሥራውንም ከቡራዩው ቼክፖይንት አስቀጠልኩት።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ከበስተጀርባው ከበሮና እልልታ ይሰማል፤ ከፋሲካ ወዲህ ሠርግ በሠርግ ሆኖ ሰውየው እንደ ሰው ቁጭ ብሎ በልቶ አያውቅም።

«ያኔ አንተ ጋ ሁለት ጊዜ አስነስተኸው ነበር እንዴ?»

«ኧረ አንዴ ነው! ከዚያ አንቺ እስክትወስጂው ኪቦርዱን አልነካሁም። ምነው፣ ፋይል ጠፋ?»

«አልጠፋም። በዛ።»

«በዛ? ታዲያ ምን ታካብጃለሽ! ሙሽራዋ ከመኪና እየወረደች ነው፣ ቻው።»

ቡራዩ ካልሆነ ሰበታ ነው። ሰበታ ግን እኔ አልነበርኩም። በሬን ከፍቼ ወጣሁ፤ አባባ ግድግዳውን ተደግፈው በርጩማ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

እዚህ ላይ ስለ ግቢያችን ደንብ መናገር አለብኝ። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ሰው ፍሪጁንም ቴሌቪዥኑንም ይነቅላል፤ ሲመለስ በኃይል መጥቶ እንዳያቃጥልበት። ሲመጣ መጀመሪያ ያየ ሰው «መጣ!» ብሎ ይጮኻል፤ አባባ በራሳቸው ቋንቋ «ዱፌ!» ይላሉ፤ ሁልጊዜም የሚቀድሙት እሳቸው ናቸው። ከዚያ መረጋጋቱ ሲታይ ቤቱ ያለ ሰው ቤቱ ለሌለው ይሰካለታል። ለዚህ ነው የሁላችንም ትርፍ ቁልፍ አባባ ጋ የሚቀመጠው። እኔም ገና ስገባ፣ መብራት ሲመጣ ከሌለሁ ይህቺን የኮምፒውተሩን ማብሪያ ይጫኑልኝ ብዬ አሳይቻቸው ነበር። የቀረውን ኮምፒውተሩ ራሱ ያውቀዋል፤ ሲነሳ ካቆመበት እንዲቀጥል አድርጌ ነበር የሠራሁት።

«አባባ፣ ያን ሰሞን እኔ ቡራዩ የከረምኩ ጊዜ፣ መብራት መጥቶ ነበር እንዴ?»

«መጥቶ ነበር እንጂ! ትራንስፎርመሩን ጠጋግነውት መጣ፤ አንድ ሁለት ቀን ሠርቶ ደግሞ ነደደና ሄደ።»

«ታዲያ የኔን ኮምፒውተር...»

«ከፈትኩታ! አደራ ብለሽኝ የለም እንዴ?» ቀና ብለው ተቀመጡ። «የራሴን ፍሪጅ እንኳ ሳልሰካ። መስመሩ አቅም ያንሰዋል፣ እንዳይከብድበት ብዬ። ባለቤቴ ወተቱ ተበላሸ ብላ ስትጮህብኝ ነው የዋለችው።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ምኑን ልንገርሽ ልጄ? መብራት ሲመጣ መክፈት እሱም ወሬ ሆኖ?»

በአንድ ጊዜ ልጮህባቸውም ጉልበታቸውን ልስምም አማረኝ። «ገለቶማ፣ አባባ» ብዬ አመሰገንኩና ወደ ክፍሌ ገባሁ። ያን ቀን ሙሉ፣ ከእንግዲህ አይንኩብኝ የሚለውን ነገር ቅር ሳይላቸው እንዴት እንደምናገረው ስለማመድ ዋልኩ።

ስለዚህ ነገሩ ይህ ነበር። ከአንዲት ቼክፖይንት ሁለት ኮምፒውተሮች ተነስተዋል፤ አንዱ ቡራዩ፣ እኔ እያወቅሁ፤ አንዱ ሰበታ፣ እኔ ሳላውቅ። ከአንድ ቦታ መነሳታቸው አንድ መንገድ አያስኬዳቸውም። ኮምፒውተር ሁሉ ቁጥር ሲያጠጋጋ ከኢምንት ያነሰች ልዩነት ይፈጥራል፤ ያቺ ልዩነት እያደር ትሰፋለች፤ ቆየት ብሎ ሁለቱ አይተዋወቁም። ይህ ብልሽት አይደለም። ሁለቱም መንገድ የተፈጥሮን ሕግ የጠበቀ ነው። በቡራዩው መንገድ ሞለኪውሏ ኪሷ ውስጥ ቆየች። በሰበታው ተነስታ ሄደች። ያየሁት ዝላይ የሰበታው ፊልም አልቆ የቡራዩው ከመነሻው ሲጀምር ነበር።

ዓርብ የሰበታውን ስምንተኛ አነሳሁት። አልሰረዝኩትም፤ ወደ ሌላ ፎልደር ወሰድኩትና የቀሩትን ገጠምኳቸው። ፊልሙ ያለ አንዲት እንከን ወረደ። ሞለኪውሏ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ኪሷ ውስጥ፣ አንዳንዴ እየተገላበጠች፣ አንዳንዴ ጸጥ ብላ። ግራፉን አወጣሁት፤ ቀጥ ያለ መስመር። ደስ አለኝ። ደስታው አንድ ሰዓት ያህል ቆየልኝ።

ከዚያ በኋላ ያን የተለየ ፎልደር እንደገና ከፈትኩት። ከራሴ ጋር ተከራከርኩ። ያቀድኩት የቡራዩውን ነው፤ የሰበታውን አላቀድኩትም፤ ሳላውቅ የተነሳ ነገር ነው፤ ብጥለው ማን ምን ይለኛል? ማንም። የሚያውቅስ ማን አለ? ማንም። እሱ ሁሉ እውነት ነበር። ነገር ግን አንዲት ጥያቄ አልፋታ አለችኝ፦ የቡራዩዋ ወጥታ የሰበታዋ ቆይታ ቢሆን ኖሮ የትኛውን ነበር የማነሳው? መልሱን ስለማውቅ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ፋይል የያዘ ፍላሽ በቦርሳዬ ይዤ ተነሳሁ። አንዱ ንጹሕ ፊልም ነው፣ ሌላው ያ ብቻውን የቀረ ቁራጭ። የትኛውን እንደማሳይ አልወሰንኩም ነበር። ከሰበታ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ፒያሳ፣ ከፒያሳ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ ሱሉልታ። በየታክሲው ቦርሳዬን እየከፈትኩ ፍላሹ መኖሩን አያለሁ፤ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ሌባ ጠረጠርሽ እንዴ ብለው ተቆጡኝ። እንጦጦን አልፈን ስንወርድ ብርዱ በመስኮት ገባ፤ ድርቆሽ የጫኑ አይሱዙዎች ከፊታችን እየተንፏቀቁ ነው። ቶሎ ባንደርስ ብዬ ተመኘሁ።

አማካሪዬ በጋቢ ተጠቅልለው ላፕቶፓቸውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ጠበቁኝ። ጎበዝ ሰው ናቸው፣ ግን ፊታቸው ላይ ምንም ነገር አይነበብም፤ ሁልጊዜም የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። ንጹሑን ፊልም ከፈትኩላቸው። እስከ መጨረሻው አዩት። ግራፉንም አዩት።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ገጠመልሽ ማለት ነው። በቃ፣ ሰኞ አስረክቢ።»

ሳምንቱን ሙሉ ልሰማት የጓጓሁላት ቃል ይህቺ ነበረች። አመስግኖ መነሳት ብቻ ነው የሚቀረኝ። እጄ ፍላሹን ሊነቅል ተዘርግቶ ነበር። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ጀግንነትም አልነበረም፤ ያን ጭንቀት ይዤ እንደገና አራት ታክሲ መሳፈር አልቻልኩም መሰለኝ።

«አንድ ሌላም አለ» አልኩ።

የሰበታውን ቁራጭ ከፈትኩት። ሞለኪውሏ አንድ ጎኗን አነሳች፣ ቁጭ አለች፣ ተነሳች፣ ወጣች። አማካሪዬ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«ከዚያው ከሰባተኛው ቼክፖይንት ነው። እኔ ሳልኖር ሰበታ የተነሳ ነው።»

«ማን አስነሳው?»

«አከራዬ።»

እንደሚስቁ ጠብቄ ነበር። አልሳቁም። «ከዚያ ነጥብ ጀምረሽ ስንት ጊዜ ሞክረሻል ማለት ነው?»

«ሁለቴ። አንዴ ቆየች፣ አንዴ ወጣች።»

«ስለዚህ ምንም አናውቅም» አሉ። በቁጣ አልነበረም የተናገሩት፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ሰኞ አይሆንም። ከዚያችው ነጥብ ደጋግመሽ ታስነሺዋለሽ። ደጋግመሽ። ስንቴ እንደምትቆይና ስንቴ እንደምትወጣ ስናይ ያን ጊዜ የምንጽፈው ይኖረናል።»

አለቀስኩ። አልደበቅሁትም። እሳቸውም አይዞሽ አላሉኝም፤ ትንሽ ጠበቁና ኮሌጁን እኔ አነጋግራለሁ አሉኝ። ቃል ግን አልገባልሽም ብለው ጨመሩ። በር ድረስ ሸኝተውኝ ሲመለሱ ግን፣ «ሁለተኛውን ባታሳዪኝ አላውቅም ነበር» አሉ። እንደማያውቁ አውቅ ነበር።

ሰበታ ስደርስ መብራት ነበር። ጫማዬን ሳላወልቅ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩና አሠራሩን ቀየርኩት፤ ከእንግዲህ በተከፈተ ቁጥር ካቆመበት ሳይሆን ከዚያችው ከሰባተኛው ቼክፖይንት አዲስ ሙከራ እንዲጀምር፣ እያንዳንዱንም በተለየ ስም እንዲያስቀምጥ። እንደጨረስኩ ጠፋ። ከጎረቤት ያ የተለመደው የብስጭት ድምፅ ተሰማ። ሶኬቶቼን ነቅዬ ወጣሁና ከአባባ አጠገብ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ በቆርቆሮው ላይ እያዘቀዘቀች ነበር።

«ገጠመልሽ?» አሉኝ።

«አልገጠመም አባባ።»

በርጩማቸውን ወደ እኔ ጠጋ አደረጉ። ከዚያ፣ «እኔ በመክፈቴ ያጠፋሁት ነገር አለ እንዴ?» ብለው ጠየቁ፤ ሐሙስ ዕለት አጠያየቄ ሆዳቸው ውስጥ ቀርቶ ኖሯል። ያን የተለማመድኩትን ንግግር አስታወስኩት። አንዲቱም ቃል አልወጣችም።

«የለም። እንዲያውም ከእንግዲህ በመጣ ቁጥር ይክፈቱልኝ። እኔ ብኖርም እርስዎ ይክፈቱልኝ።»

«አንቺ እያለሽ?»

«እኔ እፈራለሁ።»

ነገሩ የገባቸው አይመስለኝም፤ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ብዙም ሳይቆይ የደጁ አምፖል ብልጭ አለ፤ ቀና ብዬ ሳልጨርስ «ዱፌ!» ብለው ከተቀመጡበት ብድግ አሉ፤ በዚያ ዕድሜያቸው። ትንሽ ጠበቁት፣ ተረጋጋ። ከዚያ ወደ እኔ ክፍል ገቡ። የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ሲነሳ ከውጭ ሰማሁት። ትቆይ ይሆን፣ ትወጣ ይሆን? ገብቼ አላየሁም። የእሳቸው ቤት በር ክፍት ነበር። ገባሁና መሬት ላይ የወደቀውን የፍሪጃቸውን ሶኬት አንስቼ ሰካሁት።